በልተሻል?

ዪላን የምትባል ከተማ፣ ዝናቡ የማይታክትባት፣
ጃንጥላ እንደ ጫማ ከደጅ ተደርድሮ የሚያድርባት፤
አምስተኛ ፎቅ ነው ያሉኝ ቤቴ፣ ስቆጥረው ግን አራተኛ፣
አራት ከሞት ጋር ድምፁ አንድ ነው፤ ስሙን አይጠራም ጤነኛ።

የመጣሁ ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ፣ ሙዚቃ ከመንገድ ሲሰማ፣
አይስክሬም ነው ብዬ ሳንቲም ይዤ፣ ወረድኩ በነጠላ ጫማ፤
ለካስ የቆሻሻ መኪና ነው። ሰፈሩ ከረጢቱን አንግቶ፣
አሮጊት፣ ወጣት፣ ባለሱቅ፣ ሊጥል ይሮጣል ወጥቶ።
እኔ ሳንቲም በመዳፌ፣ ከሰልፉ መሀል ተገትሬ፣
የመጀመሪያ ፈተናዬን ወደቅሁ፣ ያውም መምህር ነኝ ብዬ መጥቼ ከአገሬ።

ማታ ማታ ነው የማስተምር፣ ከኑድል ቤቱ በላይ ባለው ክፍል፣
የሾርባው እንፋሎት ደረጃ ወጥቶ ግሡን ሁሉ ሲያበስል፤
ልጆቹ ለዚያች ሰዓት ብቻ የሚለብሷቸው ስሞች አሏቸው፣
ከመዝገበ ቃላት፣ ከከረሜላ ልጣጭ፣ ራሳቸው የመረጧቸው።
አንዱ «ማክሰኞ» ነው። አንዷ «ደመና»። ኋላ የሚቀመጠው «ነብር»፣
ስሙን በጠራሁ ቁጥር የሚደነግጥ፣ ድምፁ ከትንኝ የሚያንስ ነበር።

«መምህር» አለችኝ ደመና፣ እርሳሷን እንደያዘች አኝካ፣
«ይሄ ቋንቋ የእናትሽ ነው?» «አይደለም።» «የተዋስሽው ነው ለካ!»
የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤ እኔ ግን ይኸው፣
የቤት ኪራዬም፣ ስኳር ድንቼም፣ ጃንጥላዬም ከዚያው ወርቅ ነው።

እነሱም ያርሙኛል በተራቸው።
አፌ ውስጥ «እናት» ያልኩት ቃል «ፈረስ» ሆኖ ሲጋልብ፣
ሃያ ልጅ በሳቅ ይፈርሳል፤ እኔም አብሬ፣ ፊቴ በላብ።

ወይዘሮ ካኦ ጎረቤቴ ናት፣ ሰማንያ ሊሞላት የቀራት ጥቂት፣
ላስቲኩን ከወረቀት፣ አጥንቱን ከልጣጭ መለየት
ያስተማረችኝ፣ ቁጣ በሚመስል ደግነት።
በደጇ ባለፍኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች፦ «በልተሻል?»
እኔም እውነቱን እመልሳለሁ፦ «አልበላሁም።» ምድጃው ይንጫጫል፤
ሩዝ፣ ዓሣ፣ የተጠበሰ ቅጠል። ሦስት ወር ሙሉ በላሁባት፣
እንደ «እንደምን ዋልሽ» ያለ ሰላምታ መሆኑን ሳላውቅባት።
ማክሰኞ ነው የነገረኝ። ያን ዕለት አፍሬ በጓሮ ደረጃ ገባሁ።

አንድ እሑድ በሬን አንኳኳች። ስልክ በእጇ፣ መነጽር ከግንባሯ ላይ።
ልጇ ካናዳ ነው። የልጅ ልጇ እዚያ ተወልዶ፣ እዚያ አፉን ፈቶ፣
የሷን ቋንቋ አያውቅም። እሑድ እሑድ በስልኩ መስኮት ብቅ ብሎ
እጁን አወዛውዞ ይጠፋል።
«አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ» አለችኝ፣ «እከፍልሻለሁ።
“በልተሃል?” በእንግሊዝኛ እንዴት ነው?»

መምህርነቴ ተነሣብኝ።
«እነሱ ሲገናኙ እንዲህ አይባባሉም፤ “ሃው አር ዩ” ነው» አልኳት።
ደጋግማ ቀመሰችው፣ ጨው እንደጎደለው ሾርባ።
«ልጁስ ምን ይመልሳል?»
«“ፋይን” ይላል። ደህና ነኝ ማለት ነው።»
«ባይበላም?»
«ባይበላም።»
ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመድ በግድግዳው ሰማኋት፣
ቆሻሻ ስትጥል፣ ቅጠል ስትቀነጥስ፣ ዝናቡ ሲያካፋባት።
እሑድ ጠዋት አጠገቧ ተቀመጥኩ። እዚያ ገና ቅዳሜ ማታ ነው።
ልጁ ብቅ አለ። ኬልቪን ይሉታል፤ የፊት ጥርሱ ወልቋል።

«ሃፍ ዩ ኢትን?» አለች፣ ባሕሩን ለማሻገር ጮክ ብላ።
ዝም። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።
ከዚያ፣ እንደኔው ያለ፣ የጠየቁትን የሚመልስ ሞኝ፣
«ኖ» አለ።

ወይዘሮ ካኦ ትርጉም አልጠየቀችም።
ስልኩን እጄ ላይ ጥላ ተነሣች፤
ሩዝ ስታጥብ የውሃው ድምፅ መጣ።
ልጁ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ።
«የት ሄደች?» አለኝ፣ በዚያ በተዋስኩት ቋንቋ።
«ራትህን ልትሠራ» አልኩት።